ቀዩ ትራክተርህ በእግሩ ይውጣ

አባዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተ ያለህበት ቦታ ሰላም የሚቸግር አይመስለኝም። የቸገረው እኛ ጋ ነው። ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን ግንቦት ላይ አወጣን፤ ዘመድ ጎረቤቱ መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ያንተን ጉዳይ የዘጋ ይመስል ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። እኔን ደግሞ ያን ጊዜ ነው አንተን ማውራት ያሰኘኝ። መቼም ልጅህን ታውቃታለህ፤ ሌላው ሲደክመው ነው የእሷ አፍ የሚከፈተው።

ስለዚህ ይኸው ልብስ ስፌቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ። አስራ ስምንት ማዞሪያ ያለችው ቤቴ እንዳለች ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ወቅት ገና ስላልደረሰ ሥራ ቀዝቅዟል፤ ማሽኗን ሸፍኜ ወረቀቱን እላይዋ ላይ ዘርግቼዋለሁ። የምጽፍልህ ስለ ቀዩ ትራክተርህ ነው። እንዳትደነግጥ ቀድሜ ልንገርህ፤ አልሸጥነውም፣ ለቁራሌውም አልሰጠነውም። ግን ሰሞኑን እሱ እኛን የሠራንን ሥራ አንተ ብትኖር ኖሮ አይደፍረውም ነበር።

ሰፈሩን ዛሬ ብታየው መንገድ ይጠፋሃል። ከዓለም ባንክ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገበት። ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ ፈርሳለች። የእኛ ቤት ይተርፋል፤ ግቢው ግን ከፊት ለፊቱ ይቆረጣል። ሊለኩ የመጡት የመንገድ ሥራ ልጆች መቼም ጨዋዎች ናቸው፤ እማዬን እማማ እያሉ፣ የቀረበላቸውን ሻይ ጠጥተው፣ ሰኔ ሳያልቅ አጥሩን ወደ ኋላ አስገቡ ብለውን ሄዱ። አጥሩ ወደ ኋላ ሲገባ ትራክተሩ የቆመበት ቦታ የእግረኛ መንገድ ይሆናል ማለት ነው። ወደ ጓሮ እንዳናዞረው፣ በቤቱና በጎረቤት ግንብ መሃል እንኳን ትራክተር የእኔም ወገብ የሚያልፈው በመከራ ነው።

መሄጃ ግን አላጣም። ጋሽ ቱሉ ለሙት ዓመትህ ከሰበታ ወዲያ ካለው አገሩ ድረስ መጥቶ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር አንተ ትራክተሩን ይዘህ የእሱንና የጎረቤቶቹን መሬት ስታርስ፣ የሚያሳድርህም የሚያበላህም እሱ ስለነበረ፣ እንደ ወንድምህ ነው ያለቀሰው። የአጥሩን ነገር ሲሰማ ለአፍታ እንኳ አላሰበም። ወደ እኔ ይምጣ፣ መጠለያ አለኝ፣ እዚያ ቢመጣ ቤቱ ነው የመጣው አለን። ተገላገልን ብዬ የጭነት መኪና ላፈላልግ ስነሳ፣ እማዬ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ በሸክም አይወጣም አለች።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ከዚህ በር አንድ ሬሳ በሸክም ወጥቷል፣ ሁለተኛ አላይም፤ ወደዚህ ግቢ የገባው በእግሩ ነው፣ በእግሩ ይውጣ አለችኝ። አባዬ፣ አንተ በትዳር ዘመንህ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አሳምነሃት የማታውቀውን ሴት እኔ በየት በኩል ላሳምናት? ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፤ ከሄድክ ወዲህ እማዬ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ይህ ብቻ ነው። ጫማ ስገዛላት አያስፈልገኝም ትላለች፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ምን ሆንኩና ትላለች። ትራክተሩን በሚያሳየው መስኮት ሥር ወንበሯን አድርጋ ትውላለች፤ የምትበላውም ለእኔ ብላ ነው። ይህችን አንድ ነገር ስትጠይቀኝ እንቢ የምልበት አንጀት ከየት ላምጣ። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ሞተር ማለት ቁልፍ አዙረው የሚያስነሱት ነገር ስለሚመስለኝ ነው።

አየር ጤና ጋራዥ ያለውን ግርማን ጠራሁት። አንተ ከመፍቻው ምላሱ ይፈጥናል ትለው የነበረው ልጅ ነው፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ምላሱ ግን እንደዚያው ነው። ዙሪያውን ዞረና ጎማውን በጫማው መታ መታ አድርጎ፣ ሰብሊ ሙች፣ ይሄን ዛሬውኑ በአንድ ቁልፍ ነው የማስነሳልሽ አለኝ። ያደረውን ናፍጣ ከታንከሩ አስወጣን፤ ዝገትና ውሃ ተቀላቅሎበት የሻይ ቅጠል መስሎ ወረደ። አዲስ ናፍጣ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነበር፤ ማደያዎቹ በጀሪካን አይቀዱም፤ ሰልፉም መንገድ ዘግቷል። ጎረቤት ያለው የአይሱዙ ሹፌር ነው ከራሱ መኪና በቱቦ ስቦ የሰጠን፤ አባትሽ ስንት ጊዜ ከጭቃ አውጥቶኛል ብሎ። ባትሪ ከግርማ ጋራዥ መጣ። ዝናብ እንዳይገባ ብለህ ጭስ ማውጫው ላይ የደፋሃትን የድልህ ጣሳ አነሳኋት። እጄ ላይ ዝገቷ ቀረ፤ ለጥቂት ጊዜ ሳልታጠብ ቆየሁ።

ማስነሻው ሞተሪኖ አጉረመረመና ሞተሩ ተነሳ። እልል ልል አፌን ስከፍት መንገዳገድ ጀመረ። ያን ያንተን ድምፅ ታውቀዋለህ፣ ከሩቅ የሚለየውን፣ እኩል እኩል የሚረግጠውን። እሱ አልነበረም። ሁለቴ ይረግጥና አንዱን ይስታል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይሮጣል፣ ሊቆም ይልና ይንቀጠቀጣል። ኮፈኑ ይንዘፈዘፋል። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ እየተጎለጎለ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ድረስ ሄደ። ግርማ ነዳጅ ሲጨምርለት ባሰበት፤ ማርሽ አስገብቶ ሊነቀንቀው ሲሞክር አቃስቶ ቆመ። እኔን ያ ማቃሰት ያንተን የመጨረሻ ሳምንት አስታወሰኝ። ያን ኦክስጅኑ አፍንጫህ ላይ ተሰክቶም አየር ያጠረህን ጊዜ። ቀና ስል እማዬ መስኮቱን ዘግታዋለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብዘረዝርልህ ትስቃለህ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ግርማ በመጣ ቁጥር ችግሩ ታውቆለት ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የናፍጣ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ነው አለ፤ ተቀየረ። ቀጥሎ መስመሩ አየር ስቧል አለና ብሎኗን አላልቶ በእጅ ፓምፕ እየገፋ አረፋው እስኪጠፋ ናፍጣውን አስተፋው፤ ከሱሪው እስከ ካልሲው ናፍጣ ሆነ። ተነሳ፤ ያው መንገዳገድ፣ ያው ጥቁር ጭስ። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን የዘይት ሳህን ፈትቶ ሲያየው ንጹሕ ነው፤ አንተ ነህ ለመጨረሻ ጊዜ የቀየርከው፣ ዘይቱ ገና ያበራ ነበር። ከዚያ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈታቸውና በጨርቅ ጠቅልሎ ለማስፈተሽ ወሰዳቸው። መልሶ ሲያመጣቸው፣ በቃ አሁን አለቀ ደቀቀ፣ እንደ አራስ ልጅ ነው የሚተኛልሽ አለኝ። ሲነሳ እንደ አራስ ልጅ አለቀሰ እንጂ አልተኛም።

በየመሃሉ ዝናብ አለ። ሰኔ መሆኑን አትርሳ። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም በረንዳው ሥር እንሸሸግና እሱን እናየዋለን፤ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ሆዱን ተከፍቶ አልጋ ላይ የተረሳ በሽተኛ መስሎ። ደግሞ ያላየው መንገደኛ፣ ያልመከረ ጎረቤት የለም። አንዱ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ነው ይላል፤ አንዱ ናፍጣው የተበረዘ ነው ይላል፤ አንዷ ሴትዮ ደግሞ ቆም ብላ አይታው፣ ባለቤቱ ሲሞት ከብትም እንዲህ ይሆናል ብላኝ ሄደች። ከሁሉም ያመንኩት የእሷን ነው፤ ያን ያህል ነው የጨነቀኝ።

አንተ ሲታመም እንዴት ትጠጋው እንደነበር ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ያን ረጅሙን ካቻቢቴህን ታወጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ ዓይንህን ትጨፍናለህ። እኔ ባትሪ እያበራሁልህ፣ እኔንም ጆሮሽን አምጪ ትለኝና፣ የቱ ነው የሚያነክሰው ብለህ ትጠይቀኛለህ። እኔ ዝም ብዬ መሃለኛው እላለሁ። ጎበዝ ትለኛለህ። ልክ ይሁን አይሁን ነግረኸኝ አታውቅም። ከዚያ ከመሳቢያህ ውስጥ ያን ካቻቢቴ ፈልጌ አወጣሁና እኔም ጆሮዬን ደቀንኩ። አባዬ፣ ሁሉም ነገር ይንኳኳል። የሚንኳኳው ጤናው ይሁን ሕመሙ የሚነግረኝ አጣሁ። የእኔ የስፌት ማሽን ክር ስትበጥስ ከድምፅዋ አውቃለሁ፤ መርፌው ይሁን የሥሩ ክር ኳስ ሳላያት እነግርሃለሁ። ያንተ ማሽን ፊት ግን ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጌ ያለቀስኩት፤ ግርማ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ጎማው አዙሬ።

ያ ጎማ እኮ ባለውለታዬ ነው። የሰርጌ ቀን ትዝ ይልሃል? ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ የዓለም ባንክ መንገድ ገንፎ ሆኖ፣ የሙሽራ መኪናዋ በሩ ድረስ ገብታ እዚያው ሰመጠች። ባሌ ነጭ ኮቱን አውልቆ ሊገፋ ሲወርድ እስከ ጉልበቱ ገባ። ሚዜዎቹ ሁሉ ሲጯጯሁ አንተ ወደ ግቢ ተመለስክ፤ ሱፍህን እንደለበስክ፣ አበባው ደረትህ ላይ እንዳለ፣ በዚህ ትራክተር መጣህ። በሰንሰለት አስረህ ሙሽራ ልጅህን እየጎተትክ አስፋልት አደረስከን። ሰዉ ግማሹ እልል ይላል፣ ግማሹ ይስቃል። እኔ በቬሌ ውስጥ ሆኜ የማየው ያንተን ጀርባ ብቻ ነበር፤ ዞር ብለህ አላየኸኝም። ለምን እንዳልዞርክ የገባኝ በኋላ ነው፤ ስታለቅስ ነበር አሉ።

እና እንዲህ ያለውን ትራክተር ነው አስፋልት የሚያደርሰው ሰው አጥቶ ግቢ ውስጥ ሲያቃስት የማየው።

የቀረን ጊዜ እያለቀ መጣ። ሰኞ አጥሩን የሚያፈርሱት ይመጣሉ ተባለ። ጋሽ ቱሉ ቅዳሜ ጠዋት ትራክተሩን ሊነዳ መጣ፤ ቡትስ ጫማውን አድርጎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ለመንገድ የሚሆነውን ስንቅ ይዞ። ግርማም የመጨረሻ ሙከራ ላድርግ ብሎ መጣ። ሞተሩ እየሠራ፣ ሦስቱን የናፍጣ መስመሮች አንድ በአንድ እያላላ አዳመጠ። ይሄን ዘዴ አንተም ስትሠራው አይቻለሁ፤ ስታላላው ለውጥ ያላመጣው እሱ ነው በሽተኛው። የትኛውንም ሲያላላ ሞተሩ እኩል ደነገጠ። ሦስቱም እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ሦስቱም እኩል ታመዋል፣ ወይም ሦስቱም ደህና ናቸው። ግርማ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እህቴ፣ እንግዲህ ዋናው ፓምፕ ነው፣ ወርዶ ተፈትሾ እስኪመለስ በትንሹ ሐምሌ ይጋመሳል አለኝ። አይቀልድም ነበር። ጋሽ ቱሉም አንገቱን ደፋ።

የጭነት መኪና ያለው ሰው ስልክ እጄ ላይ ነበር። ለእማዬ የምነግራትን ቃል በልቤ አዘጋጀሁ። አቃተኝ እማዬ፤ የምችለውን አድርጌ አቃተኝ፤ ገመዱን እኔ ራሴ አስራለሁ፣ ሽፋን አለብሰዋለሁ፣ አንቺ ውስጥ ሁኚና አትዪ ልላት ነበር። ወደ ቤት መራመድ ስጀምር እሷ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ግርማ ዕቃውን ሲሰበስብ እያየችው። ሊሄድ ነው እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት። አንገቷን ወደ ትራክተሩ አስግጋ እንደ ዋዛ፣ ያቺን ጥቁር ጨርቄን ግን አውጥታችኋታል አይደል አለች።

የምን ጨርቅ አልናት ሁላችንም።

ነገሩ እንዲህ ነው አባዬ። ያረፍክ ዕለት ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ ተሸፈነ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ተጣለበት፣ ሬድዮህ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። የሐዘን ቤት ወጉ ነው። በማግስቱ የእድሩ ልጆች ድንኳኑን ሊተክሉ ሲመጡ ትራክተሩ ቦታ ያዘባቸውና፣ አስነስተን ጥግ እናስይዘው ሲባባሉ እማዬ ከውስጥ ሰማች። ባሌ ገና አፈር ሳይለብስ የእሱን ሞተር ማንም አያስጮኸውም ብላ ከለቅሶ መሃል ተነሳች፤ ማንም ሳያያት በጓሮ ወጥታ፣ ከጥቁር ልብሷ የተረፈውን ቁራጭ ከፊት ለፊቱ አየር በሚስብበት አፍ ውስጥ ጠቀጠቀችው። አንተ ስታጸዳው አይታ ነው ቦታውን የምታውቀው። ልጆቹም መልሰው ተዉት፤ ድንኳኑ በላዩ ተተከለ፣ ለቀስተኛው ጎማው ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። ለአርባህ አወጣታለሁ ብላ ነበር። አርባህ ሲደርስ ሰው ሲጎርፍ ጊዜ ረሳቻት። እኛ ገና በመጀመሪያው ቀን ስናስነሳው ሞተሩ ጨርቋን ወደ ውስጥ ስቧታል። ከውጭ ስለማትታይ እማዬ አውጥተዋታል አለች፤ እኛም የምናወጣው ነገር መኖሩን አላወቅን።

ልጅህ ነኝና አልዋሽህም፤ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ቀን ናፍጣ ስንጠጣ፣ ይህን ሁሉ ዝናብ ስንደበደብ አንድ ቃል አትናገሪም ወይ ብዬ ጮህኩባት። እማዬ ረጋ ብላ፣ ማን ጠየቀኝ አለችኝ። እውነቷን ነው። ግርማን ጠይቀናል፣ መንገደኛ ጠይቀናል፤ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት የምታየውን ሴት ግን ማናችንም ምን ታውቂያለሽ አላልናትም።

ግርማ ሳቁን ውጦ፣ ማዘር እርስዎ እኮ አንደኛ ነዎት ብሎ የአየሩን ቱቦ ፈታው። ከላይ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሽቦ ቆልምሞ ሲያስገባ ያዘው። ሲጎትተው መጣች፤ በዘይት ርሳ፣ ተጠቅልላ፣ የአንድ ሰው ጡጫ አክላ። ስዘረጋት ጠርዟ ላይ የእኔ ስፌት አለ። የእማዬን የሐዘን ልብስ በዚያች ሌሊት እየተጣደፍኩ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ እያለቀሰ ስለነበር መስመሩ ተጣሟል። እንደዚያ የተጣመመ ስፌት በዕድሜዬ ሰፍቼ አላውቅም። ትራክተሩን ጥቁር ጭስ ሲያስታውከው የከረመው ነዳጅ በዝቶበት ሳይሆን አየር አጥሮት ነበር።

ጋሽ ቱሉ ወንበርህ ላይ ወጣ። ቁልፉን አዙሮ አስነሳው።

አባዬ፣ ያንተ ድምፅ ነበር። አንተ ማለዳ ለሥራ ስትወጣ ከእንቅልፌ ሳልነቃ የምሰማው፣ እኩል እኩል፣ ሳይቸኩል። ጭሱ ሳስቶ ጠፋ። ግርማ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ፤ እኔ አሁን እማዬ ደስ ይላታል ብዬ ዞርኩ።

እማዬ መሬት ላይ ነበረች። እንዴት እንደወደቀች አላየሁም። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል፤ ደረቷን እየመታች፣ አንተ ሰው፣ አንተ ሰው፣ ጥለኸኝ ወዴት ነው እያለች ትጮሃለች። የቀብርህ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ያን ጊዜ ሰው እየያዛት፣ ውሃ እያጠጣት፣ በቃሽ እያለ አስተዋት። ዓመት ሙሉ ውስጧ የታፈነው አሁን ወጣ። ላነሳት ሞከርኩ፤ አቃተኝ። እንደ ድንጋይ ከበደችኝ። ጋሽ ቱሉ ሞተሩን ያጥፋው አያጥፋው ጨንቆት ወደ እኔ ያያል። ካጠፋው ተመልሶ ላይነሳ ይችላል፤ ካላጠፋው እሷ ልትሞትብኝ ነው። በእጄ ሂድ አልኩት።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት በሩን ጥሎ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን እያወለቁ። ሰፈራችን ቢፈርስም ይህ ገና አልፈረሰም። ከእኛ ግቢ ሌላ ሰው ሞተ ብለው ነው የመጡት። ማን ነው፣ ማን ሞተ እያሉ ከበቡኝ፤ አዲስ የገቡት ተከራዮች ሳይቀሩ። ምን ልበላቸው? ማንም አልሞተም፣ ትራክተሩ ተሠርቶ ነው ልበላቸው? አፌን ስከፍት የመጣልኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። አባዬ ነው አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ማንም፣ እሱማ ዓመት አለፈው አላለኝም። አንዷ እማዬ አጠገብ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ሁሉም። ትራክተሩ በሰው እርምጃ ያህል ቀስ እያለ ከበሩ ወጣ፤ ወንዶቹ ከኋላው ተከተሉት። እኔ በእማዬና በበሩ መሃል ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። እሷ ሁለተኛ ሬሳ ሲወጣ አላይም ብላ ነበር፤ እኔ ከዚያ ላድናት ስል ባሏን እንደገና አስቀበርኳት። ወንዶቹ አስፋልት ድረስ ሸኝተውት ሲመለሱ ነፍስ ይማር ብለውኝ ገቡ።

ጋሽ ቱሉ ከሰዓት ደርሻለሁ ብሎ ደውሏል፤ መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላነከሰም አለ። አጥሩም ገብቷል። እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደቀለላት ጎረቤቶቹ ይነግሩኛል፤ እኔ ግን እሷን ሳያት ቀልሏት ይሁን ባዶ ሆና መለየት አልቻልኩም። ደግ ሠርቼ ይሁን ክፉ የሚነግረኝ አንተ ነበርክ፤ አሁን የምጠይቀው የለኝም። የማልረሳህ ስለመሆኔ ብዙ ቃል አልገባልህም፤ ቃል መግባት የሚቀለው ሰው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ይህን ብቻ እነግርሃለሁ። በእኛ በር ላይ ለቅሶ ሰምቶ፣ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ፣ ዓመትም ይለፍ አስር ዓመት፣ ከእኔ የሚሰማው ያንተን ስም ነው።

ልጅህ ሰብለ